ያልተቆጠረ ሕመም፦ የሸኮ፣ የሚዛንና የቴፒ ቡና ለቃሚዎች ታሪክ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚዛን ተነስቶ ቴፒ የሚያደርሰው መንገድ ሸኮን የሚያቋርጠው በደንና በቡና መካከል ነው። በዚህ አገር ዝናቡ በዓመት ውስጥ ለረጅም ወራት አይለይም፤ ከየኮረብታው የሚወርዱት ጅረቶች ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተሙ ወደ ጊሎ፣ ወደ አኮቦና ወደ ባሮ ይሄዳሉ። ቡና ይህን እርጥበትና ይህን ጥላ ይወዳል። ጀርባዋ ጎበጥ ያለ፣ ከተራ ዝንብ በጣም የምታንስ አንዲት ጥቁር ዝንብም ይህንኑ ውሃ ትወዳለች። እንደ ወባ ትንኝ የቆመ ውሃ አትፈልግም፤ እንቁላሏን የምትጥለው ፈጥኖ በሚወርድ ወንዝ ውስጥ ባለ ድንጋይና ቅጠል ላይ ነው። የምትነክሰው በቀን፣ በአብዛኛው ከወገብ በታች ነው። ስለዚህ የምታገኘው ወንዝ ወርዶ ውሃ የሚቀዳውን፣ በባዶ እግሩ አረም የሚያርመውን፣ እሸት ቡና የሚለቅመውንና የሚያጥበውን ሰው ነው። ቢሮ ውስጥ የሚውለውን ብዙም አታገኘውም።

በንክሻዋ የምታስገባው ኦንኮሰርካ የሚባለው ትል በሰው ቆዳ ሥር አድጎ እባጭ ሠርቶ ይቀመጣል። ሴቷ ትል ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ በዚህ ሁሉ ዘመን በዓይን የማይታዩ እጮችን በብዛት ትፈለፍላለች። እጮቹ በቆዳ ውስጥ ሲዘዋወሩ፣ ይልቁንም ሲሞቱ፣ ገላ ያሳክካል። የማሳከኩን ነገር ያልደረሰበት ሰው በቀላሉ አይረዳውም። ጥፍር አይበቃውም፤ ድንጋይ ይፈለጋል፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይፈለጋል፣ እሳት ዳር ተቀምጦ ገላን መጥበስ ይመጣል። እንቅልፍ ይጠፋል። ዓመታት ሲያልፉ ቆዳው ይጠነክራል፣ ይሸበሸባል፤ በቅልጥም ላይ ቀለሙ እየለቀቀ የነብር ቆዳ መስሎ ይዥጎረጎራል። ዓለም በሽታውን የሚያውቀው የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት ብሎ ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ ሳቫና ብዙ ሰው አሳውሯልና። በእኛ ደቡብ ምዕራብ ግን ያሳወረው ጥቂቱን ነው፤ ብዙውን ያደረገው እንቅልፍ መንሳትና ቆዳ ማበላሸት ነው። አይገድልም፣ ብዙም አያሳውርም። ሳይቆጠር የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህን አገር የጤና ታሪክ ከሐኪም መምጣት መጀመር አይቻልም፤ ከሕዝቡ መመናመን መጀመር ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ1897 ከፋ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ከተያዘ በኋላ ያን ጊዜ ጊሚራ ይባል የነበረው የቤንች ሕዝብ፣ ሸኮውና ዲዚው በገባር ሥርዓት ሥር ገባ። ገባሩ ለተመደበበት ወታደር ማር፣ እህልና ጉልበት ይከፍላል፤ መክፈል ያቃተው ልጁን እስከ ማጣት ይደርስ ነበር። የባሪያ ፈንጋዮች ዘመቻም ተደጋገመ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ከጊሚራና ከማጂ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ታስሮ ወደ ሰሜን ተነዳ፤ ብዙው በመንገድ ላይ በፈንጣጣና በተቅማጥ አለቀ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች፤ ሙሉ በሙሉ የሚከለክለው አዋጅ የወጣው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። በእነዚያ አሠርት ዓመታት አዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበራት። በጊሚራና በሸኮ በኩል ግን መንግሥት የሚታወቀው በግብር ሰብሳቢውና በጠመንጃው ነበር።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚህ አካባቢ ሁለት ነገሮች ወደ ውጭው ዓለም ወጡ። አንዱ የቡና ዘር ነው። በማጂ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ከጌሻ ጫካ ዘር አስለቅሞ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምርምር ጣቢያዎች ላከ፤ ዘሩ ከዚያ ኮስታ ሪካ፣ ከኮስታ ሪካም ፓናማ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2004 የፓናማ ጨረታ ላይ የአንድ ፓውንድ ዋጋ 21 ዶላር አወጣ፤ ለዚያ ዘመን ያልተሰማ ዋጋ ነው፤ ከዚያ ወዲህማ የጌሻ ቡና በዓለም እጅግ ውድ ከሆኑት ቡናዎች አንዱ ሆኖ ቀርቷል። ሁለተኛው የበሽታው ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 በወረራው ወቅት የነበሩ ጣሊያናውያን ሐኪሞች ኦንኮሰርካይሲስ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ አሰፈሩ። ዘሩም ወሬውም ከአንድ ደን፣ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ነው የወጡት። ዘሩን የሚከታተል ወዲያው ተገኘ። በሽታውን የሚከታተል እስኪገኝ ግን አንድ ትውልድ አለፈ።

በመካከሉ ሌላ መዓት መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና ወደ እሱ በሚፈሱት ወንዞች ሸለቆዎች ተነስቶ በደቡብ ምዕራብ የተዛመተው የቢጫ ወባ ወረርሽኝ በአፍሪካ ከተመዘገቡት ሁሉ የከፋው ነው። ወደ 100 ሺህ ሰው ታሞ ወደ 30 ሺህ የሚሆነው እንደሞተ ይገመታል። ክትባቱ በዓለም ላይ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ነበር፤ ወደዚህ የመጣው ሬሳው ከተቆጠረ በኋላ ነው። ቢሆንም መጣ፤ በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ሰዎች ወደ ሸለቆዎቹ ወርደው አጠኑ፣ የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። ይህን የማነሳው ለንጽጽር ነው። ሰው በጅምላ ሲሞት፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ማዕከሉ ዞር ብሎ ያያል። ሰው ሳይሞት ለአርባ ዓመት ሲያክክ ዞር የሚል አልነበረም።

በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይ ኦመን የተባለ ሐኪም በደቡብ ምዕራብ ወንዞች ዳር ያሉ መንደሮችን እየዞረ በሽታውን አጠና፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1969 ታተመ። ከዚያ በኋላ በሽታው አይታወቅም ማለት አይቻልም ነበር። የት እንዳለ፣ ማንን እንደሚይዝ፣ ምን እንደሚያደርግ ተጽፏል። ያልተጻፈው ምን ይደረግ የሚለው ነው። በጊዜው የነበሩት መድኃኒቶች ለብዙ ሰው የማይታደሉ፣ በሐኪም ክትትል ካልሆነ አደገኛ የሆኑ ነበሩ፤ ይህን ማንሳት ተገቢ ነው። ነገር ግን ዝንቧን ከወንዙ ላይ የሚያጠፋ ኬሚካል ነበር፤ ሌሎች አገሮች እየተጠቀሙበት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ገባርና ጭሰኛ ቀረ፤ ለሸኮና ለቤንች ገበሬ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ዋጋውን ማሳነስ አልፈልግም። ወዲያው ግን መንግሥት ራሱ ትልቅ ቡና አልሚ ሆነ። በበቃና ቴፒ ላይ ሰፋፊ የመንግሥት የቡና እርሻዎች ተስፋፉ። ደን ተመንጥሮ፣ የጥላ ዛፍ ብቻ ቀርቶ፣ በመስመር ቡና ተተከለ። ለዚህ ሁሉ ሥራ የአካባቢው ጉልበት አይበቃም፤ ስለዚህ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከዳውሮና ከሰሜን ሰው መጣ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ማግሥት ደግሞ መንግሥት ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው ከሰሜንና ከመሐል አገር አንስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ፤ ከዚያም የተወሰነው በያኔው ከፋ ክፍለ አገር አረፈ። ደጋ የለመደ ገላ ወደ ቆላ ዝንብና ትንኝ ወረደ።

ስለ በበቃ እርሻ ሠራተኞች ኦንኮ (ኦንኮሰርካይሲስ በአጭሩ) የተጻፈ ጥናትም ወጥቶ ነበር። እርሻው የውጭ ምንዛሪ ያመጣል፤ ለቃሚው በሽታ ያገኛል። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ላይ አልተጻፉም።

አንድ ነገር በጎን ላንሳ። የሸኮ ከብት የሚባል ዝርያ አለ፤ ሻኛው ትንሽ የሆነ ወይም ጨርሶ የሌለው፣ ቁመቱ አጠር ያለ፣ ገንዲን የሚቋቋም ከብት ነው። ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር ሳይቀር እየመጡ ደሙን ቀድተው አጥንተውታል፣ ዝርያው እንዳይጠፋም ተሟግተዋል። ደግ አድርገዋል። ከብቱን የሚጠብቀው ሰው ቆዳ ግን በእነዚያ ዓመታት ያን ያህል ጠያቂ አላገኘም።

አሁን ከአገራችን ወጣ ብለን ምን ይደረግ እንደነበር እንይ። የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሮበርት ማክናማራ እ.ኤ.አ. በ1972 ምዕራብ አፍሪካን ሲጎበኙ ዓይነ ስውራን አዋቂዎች በልጆች እየተመሩ ሲሄዱ አዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ትልቅ የመከላከል ፕሮግራም ተጀመረ፤ ሄሊኮፕተሮች ከወንዝ ወንዝ እየበረሩ የዝንቧን እጭ የሚገድል ኬሚካል ረጩ። ፕሮግራሙ በመጨረሻ 11 የምዕራብ አፍሪካ አገሮችን አቀፈ፣ እጅግም ተሳካለት። ኢትዮጵያ አልነበረችበትም። መመዘኛው ዓይነ ስውርነት ነበርና። የሚያሳክክ እንጂ የማያሳውር በሽታ ያለበት አገር ለሄሊኮፕተር አይበቃም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1987 ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ካገኙት ባክቴሪያ፣ ዊልያም ካምቤል በሜርክ ኩባንያ ውስጥ ሆነው ያበለጸጉት አይቨርሜክቲን የተባለ መድኃኒት በዓመት አንድ ጊዜ ተውጦ እጮቹን እንደሚገድል ተረጋገጠ። በጥቅምት ወር ኩባንያው መድኃኒቱን ለሚያስፈልገው ሁሉ፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ በነፃ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። መድኃኒቱ አዋቂውን ትል አይገድልም፤ እጩን ብቻ ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ ትሉ በእርጅና እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ መዋጥ ያስፈልጋል። ግን ማሳከኩን ያስታግሳል፤ ያውም በነፃ።

በነፃ ያለ መድኃኒት ቴፒ ለመድረስ ሌላ 14 ዓመት ፈጀ። ጦርነቱ፣ የመንግሥት ለውጡ፣ መንገዱ ሁሉ ምክንያት ነበሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ምክንያት ግን ማሳከክ እንደ በሽታ አለመቆጠሩ ነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ ያሳክከኛል ያለ ሰው እከክ ነው ተብሎ ቅባት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ታጠብ ተብሎም ይመከራል። ታጠብ የተባለው ሰው የሚታጠበው ዝንቧ ባለችበት ወንዝ ነው። ልጃገረዷ ቅልጥሟን ሸፍና ትሄዳለች፤ ትዳር ፈላጊ ቆዳዋን አይቶ ይመለሳል። ልጅ ሌሊቱን ሲያክክ አድሮ ጠዋት ትምህርት ቤት ያንቀላፋል። ይህ ሁሉ በየትኛውም የሞት ስታቲስቲክስ ውስጥ አይገባም።

ሚዛኑን ለማዘንበል የረዱ ጥናቶች እዚሁ ቴፒ ላይ መደረጋቸው ሊታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሦስት ተመራማሪዎች በቴፒ ቡና ልማት ሥር በነበረው በባያ እርሻ የመስክ ሠራተኞች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ፤ የበሽታውን ስፋትና በሥራ ምርታማነት ላይ ያለውን ጫና የመረመረ ነበር። ከዚያ በ1997 የዓለም ባንክ ሌላ ጥናት አወጣ፤ ከአጥኚዎቹ አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የጥገኛ ተሐዋስያን ተመራማሪ አስራት ኃይሉ ነበሩ። አጥኚዎቹ የሠራተኞቹን ቆዳ መረመሩ፤ ከዚያ የእርሻውን የደመወዝ መዝገብ አብረው ዘረጉ። ቆዳው በኦንኮ የተጎዳ ቋሚ ወንድ ሠራተኛ እንደ ሕመሙ ክብደት በቀን የሚያገኘው ገቢ ከጤነኛው ጓደኛው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያንስ ነበር።

ይህን ቁጥር ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በቡና እርሻ ላይ ክፍያው ከሠሩት ጋር የተያያዘ ነው። ስንት ኪሎ እሸት ለቀምክ፣ ስንት መስመር አረምክ ይባላል። ሌሊቱን እንቅልፍ ያላገኘ ሰው ጠዋት ቅርጫቱን አንግቶ ሲወጣ እጁ ይዘገያል፤ በየመካከሉ ቆሞ ያክካል፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይወጣም። ካቦው ሰነፍ ይለዋል። ሰነፍ የተባለው ሰው በሽተኛ መሆኑን በደመወዝ መዝገቡ ላይ ያሳዩት እነዚያ አጥኚዎች ናቸው። ደሃ በመሆኑ ዝንቧ አገኘችው፤ ዝንቧ ስላገኘችው ይበልጥ ደኸየ።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተደረጉ የቆዳ በሽታ ጥናቶችም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ተናገሩ፦ ማሳከኩ ራሱ ትልቅ የጤናና የኑሮ ሸክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ማብቂያ የተቋቋመው የአፍሪካ የኦንኮሰርካይሲስ መከላከያ ፕሮግራም ከቀድሞው ምዕራብ አፍሪካ ክልል ውጭ ያሉ 19 አገሮችን ያዘ፤ ኢትዮጵያም ገባች። ያመመው ሰው መታመሙን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ሲናገር አልተሰማም፤ መታመሙ ስንት ብር እንደሚያሳጣ ሲሰላ ተሰማ። ስሌቱን የሠሩትን አልወቅስም፤ የሠሩት ለበጎ ነው። የምወቅሰው ከስሌቱ በፊት ያልሰማውን ጆሮ ነው።

አገሪቱም በዚያው ዘመን ፖሊሲዋን ቀይራ ነበር። የሽግግር መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው የጤና ፖሊሲ መከላከልን አስቀደመ፤ ለገጠሩና ለተረሳው ሕዝብ ቅድሚያ እንደሚሰጥ ጻፈ። በወረቀት ላይ ሸኮና ቴፒ ከዚህ በላይ የሚጠይቁት አልነበረም። ወረቀቱን መሬት ለማድረስ ግን መጀመሪያ በሽታው ያለበትን ቦታ በካርታ ላይ ማስፈር አስፈለገ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ቡድኑ ወንዝ ዳር ያለች መንደር ይገባና ከ30 እስከ 50 የሚሆኑ አዋቂ ወንዶችን ይሰበስባል። አንድ በአንድ ልብሳቸውን አውልቀው ይቆማሉ፤ መርማሪው ዳሌያቸውን፣ ጎድናቸውን፣ ጉልበታቸውን በጣቱ እየዳበሰ ከቆዳ ሥር የሚንሸራተት እባጭ ይፈልጋል። ከመቶው በ20ና ከዚያ በላይ በሆኑት ላይ እባጭ ከተገኘ አካባቢው በሙሉ መድኃኒት ይታደለዋል። ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው፤ ያለ እሱም ሥራው አይጀመርም ነበር። መመዘኛውን ግን ልብ ብላችሁ እዩት። የሚዳበሰው ወንድ ነው፤ ዕድሜው 20 የሞላ ነው፤ በዚያ መንደር ቢያንስ 10 ዓመት የኖረ ነው። ወንዝ የምትወርደው ሴት አልተዳበሰችም። ለለቀማ መጥቶ የሚሄደው ወቅታዊ ሠራተኛም አልተዳበሰም። ከመቶ 20 በታች የሆነው መንደርም፣ ሰው እያከከ፣ ከዝርዝር ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ2001፣ ጣሊያናውያኑ በሽታውን ከጻፉ ከ62 ዓመት በኋላ፣ ካርተር ማዕከል በተባለው ግብረ ሠናይ ድርጅትና በአፍሪካው ፕሮግራም ድጋፍ በከፋና ሸካ ዕደላው ተጀመረ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነበር። ቤንች ማጂና ሌሎች አካባቢዎች ተከተሉ። አካሄዱ በኅብረተሰብ የሚመራ ሕክምና ይባላል፤ መንደሩ ራሱ ተሰብስቦ አዳዮቹን ይመርጣል፣ የዕደላውን ቀንና ቦታም ራሱ ይወስናል።

ክኒኑ የሚመጠነው በክብደት ቢሆንም ገጠር ሚዛን ይዞ መዞር አይቻልም። ስለዚህ በቀለም የተከፈለ ረጅም እንጨት ተዘጋጀ። ሰዉ በተራ እየመጣ እንጨቱን ተደግፎ ይቆማል። ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ አይሰጠውም። እስከ 119 ድረስ አንድ ክኒን፤ ከ120 እስከ 140 ሁለት፤ ከ141 እስከ 158 ሦስት፤ ከዚያ በላይ አራት። ነፍሰ ጡር፣ ከወለደች ሳምንት ያልሞላት አራስና ጠና ያለ ሕመምተኛ ይቆያሉ። አዳዩ በደብተሩ ላይ ከስሙ ትይዩ ምልክት ያደርጋል፤ ውሃ ቀርቦ እዚያው ይዋጣል። በመጀመሪያው ዙር ብዙ እጭ የነበረበት ሰው ገላው ይብሳል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ያተኩሳል። ይህን ቀድሞ ያልነገሩት ሰው በሚቀጥለው ዓመት ይሸሻል። በደንብ የነገሩት ሰው ደግሞ ማሳከኩ ሲለቀው ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል።

ይህ ሥራ በሰላም ብቻ አልሄደም። በመጋቢት 1994 ዓ.ም. ቴፒ ላይ፣ ከተማዋ ባለችበት በየኪ ወረዳ አስተዳደር ጉዳይ በተነሳው ግጭት ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሸኮዎችና መዠንግሮች ነበሩ። መንደር ተቃጠለ፣ ሰው ጫካ ገባ። የጤና ታሪክ ጸሐፊ ይህን እንደ ሌላ ጉዳይ ማለፍ የለበትም። ኅብረተሰቡ ራሱ ይመርጣል የሚል ፕሮግራም ኅብረተሰቡ በሰላም የሚሰበሰብበት ሜዳ ያስፈልገዋል። በራሱ ወረዳ ድምፅ የለኝም የሚል ሕዝብ ደግሞ ክኒኑንም የሚያየው በመጠራጠር ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም መጣ፤ በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የበጎ ፈቃደኛ ሴቶች የጤና ልማት ሠራዊት ተደራጀ፤ የኦንኮ ዕደላም ቀስ በቀስ በእነሱ እጅ ገባ። ሽፋኑ ጨመረ። የሠራዊቱ አባላት ግን ደመወዝ የላቸውም። ከቤት ቤት እየዞረች ስም የምትመዘግበው፣ የቀሩትን የምትቀሰቅሰው፣ እንጨቱን ተሸክማ የምትሄደው እናት ያን ቀን የራሷን ቡና አትለቅምም። በጎ ፈቃድ ነው ይባላል፤ በጎነቷን ማንም አይጠራጠርም። ነገር ግን የደሃን ሰው ሕክምና ከሁሉም ደሃ በሆነችው ሴት ጉልበት ላይ ያለ ክፍያ ማቆም ፍትሐዊ አይደለም። መድኃኒቱን ኩባንያው በነፃ ሰጠ፤ እሷ ግን ጊዜዋን በነፃ የመስጠት አቅም ኖሯት አይደለም።

በ2005 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ትልቅ ውሳኔ ወሰነ። ከዚያ በፊት ዓላማው በሽታውን መቆጣጠር ነበር፤ አሁን ማጥፋት ሆነ። ዕደላው በብዙ ቦታ በዓመት ከአንድ ጊዜ ወደ ሁለት ጊዜ አደገ። የዕደላው ግብም ከፍ አለ፤ ከመቶ 65 ሰው መድረስ ይበቃል የተባለበት ዘመን አልፎ ከመቶ 80 ተፈለገ። ከመቶ 20 እባጭ ያልሞሉ ተብለው የተተዉት አካባቢዎችም እንደገና መታየት ጀመሩ። ቆጠራው ሲሰፋ ታማሚውም እንደሚሰፋ የታወቀው ያን ጊዜ ነው። በሰሜን ምዕራብ መተማ ከሱዳኑ ገላባት ጋር ተቀናጅቶ በተሠራ ሥራ ሥርጭቱ ተቋርጦ ዕደላው ቆመ፤ ማጥፋት እንደሚቻል በአገራችን ምድር ታየ።

ደቡብ ምዕራቡ ከመተማ ይከብዳል። ወንዙ ብዙ ነው፤ ዝንቧ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አታጣም። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የጅምላ ዕደላ እንዲቆይ መከረ፤ ሥራው ተቋርጦ ቆይቶ ቀጠለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሠረተ፤ የሸኮ ወረዳ በቤንች ሸኮ ዞን፣ ቴፒ በሸካ ዞን ሆነው አሁን በአንድ ክልል ጤና ቢሮ ሥር ናቸው። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ሐኪምና ነርስ ያስመርቃል፤ አማን ላይ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። በሽታውን ለማጥናት ከሩቅ የሚመጣ ሰው መጠበቅ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ኒጀር ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ኦንኮን ያጠፋች አገር ተብላ ተመሰከረላት። ኢትዮጵያ ገና እየሠራች ነው።

የቀረው ክፍተት የት እንዳለ ግን ይታወቃል። የዕደላ መዝገብ የተሠራው በቤት ነው፤ አባወራ፣ እማወራ፣ ልጆች ተብሎ። እሸት ቡና ሲደርስ ወደ እርሻዎቹ የሚጎርፈው ወቅታዊ ለቃሚ በዚያ መዝገብ ላይ ቤት የለውም። በመጣበት ወረዳ በዕደላው ቀን አልነበረም፤ በሚሠራበት ወረዳ ነዋሪ አይደለም። ዝንቧ ግን መታወቂያ አትጠይቅም፤ ከአንዱ ወስዳ ለሌላው ታስተላልፋለች። እሱ ካልዋጠ ሌላው የዋጠው ድካም ነው።

ስለዚህ ለቤንች ሸኮና ለሸካ ዞን ጤና መምሪያዎች፣ ለእርሻ ባለቤቶችም የምለው አለኝ። ከሁለቱ የዓመቱ ዙሮች አንዱን በለቀማ ወራት አድርጉት። እንጨቱና ክኒኑ እሸት በሚመዘንበት ቦታ ይቁሙ፤ ለቃሚው ኪሎውን ሲያስመዝን ቁመቱም ይለካ። እርሻው ቅጥር ሲመዘግብ የዋጠና ያልዋጠ የሚል አንድ ዓምድ ይጨምር። የምታድለዋ እናት የውሎዋን አበል ታግኝ። ይህ አዲስ መድኃኒት፣ አዲስ ሆስፒታል አይጠይቅም። የሚጠይቀው ቡናውን በኪሎ የሚቆጥረው መዝገብ ለቃሚውንም እንዲቆጥር ብቻ ነው።